የታሆ ሐይቅ መልክዓ ምድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ቤይ ኤሪያ (ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ)፣ ሳክራሜንቶ ወይም ሪኖ ዘመድ ያለው እንግዳ ታሆን ሳያይ ወደ አገሩ አይመለስም ማለት ይቻላል። ልጆች በረዶ እንዲነኩ ይወሰዳሉ። ከአገር ቤት የመጡ እናት ሐይቁ ዳር ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፤ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ወዴት ይሄዳል? ዙሪያው ሁሉ በረዶ ሆኖ ሐይቁ ለምን በረዶ አልሆነም?

እዚህ ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ። ሐይቁ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ውሃ የሚያመጣለት መሬት ግን ትንሽ ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ግማሹን ራሱ ይደርስበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታሆ በትክክል የት ነው? ካሊፎርኒያ ወይስ ኔቫዳ?

ሁለቱም። ሲየራ ኔቫዳ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ፣ በሁለቱ ግዛቶች ድንበር ላይ ይገኛል። በምዕራብ ዋናው የሲየራ ሸንተረር፣ በምሥራቅ ደግሞ የካርሰን ተራሮች ከበውታል። ከሳን ፍራንሲስኮ 300 ኪሎሜትር ገደማ፣ ከሳክራሜንቶ 160 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ከሪኖ ወደ ሰሜኑ ዳር ግን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

ከሐይቁ ሁለት ሦስተኛው የካሊፎርኒያ ነው፤ ሲሶው የኔቫዳ። የሚገርመው ድንበሩ ራሱ ነው። ከሰሜን ቀጥ ብሎ ይወርድና 39ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ሲደርስ ታጥፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። የሚታጠፍባት ነጥብ ያለችው ሐይቁ ውስጥ ነው። ድንበሩን የወሰኑት ሰዎች ካርታ ላይ ሁለት መስመሮች አገናኙ፤ መስመሮቹ የተገናኙት ግን ውሃ ላይ ሆነ።

በደቡቡ ዳር ድንበሩን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም። ሳውዝ ሌክ ታሆ የምትባለው ከተማ ካሊፎርኒያ ናት። ረጃጅሞቹ ካዚኖዎች የጀመሩበት ኔቫዳ ነው።

ስፋቱ ምን ያህል ነው? ከጣና ይበልጣል?

ጥያቄው ሁሌም ይመጣል፤ መልሱም ሁለት ነው።

በስፋት ከሆነ ጣና በብዙ ይበልጣል። ታሆ ከሰሜን እስከ ደቡብ 35 ኪሎሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 19 ኪሎሜትር ነው፣ የሚሸፍነው 496 ካሬ ኪሎሜትር ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው። ስድስት ታሆ ይውጣል።

በውሃ መጠን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጣና ጥልቅ ቦታ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። የታሆ ጥልቅ ቦታ 501 ሜትር ነው፣ አማካዩ ራሱ 300 ሜትር ይሆናል። ታሆ የያዘው ውሃ 150 ኪዩቢክ ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ይህም የጣናን አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ውሃው ካሊፎርኒያ ላይ ቢፈስ መላ ግዛቷን ከ35 ሳንቲሜትር ያላነሰ ውሃ ያለብሳታል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ትንሽ አገር አይደለችም።

በከፍታ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል። ታሆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,897 ሜትር ላይ ነው፣ ጣና ወደ 1,800 ሜትር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ልጅ «ከፍታው አስቸገረኝ» ቢል አንቀበለውም። አዲስ አበባ ከታሆ ውሃ በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች። ተራራው አናት ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነው፤ ሐይቁን ከከበቡት ጫፎች ከፍተኛው ፍሪል ፒክ 3,320 ሜትር ይደርሳል።

«በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የአልፓይን ሐይቅ» የሚባለው እውነት ነው?

ማስታወቂያዎቹ ሁሉ እንደዚያ ይላሉ። አልፓይን ሲሉ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ ማለታቸው ነው። በሰሜን አሜሪካ ደረጃ አባባሉ ተቀባይነት አለው። «በዓለም ትልቁ» የሚል ካያችሁ ግን እለፉት፤ ደቡብ አሜሪካ ያለው ቲቲካካ በከፍታም በስፋትም እጅግ ይበልጠዋል።

በጥልቀት የሚቆጠርለት ደረጃ የበለጠ ጠንካራ ነው። በአሜሪካ ከታሆ የሚጠልቅ ሐይቅ አንድ ብቻ አለ፤ ኦሪገን ውስጥ ያለው ክሬተር ሐይቅ፣ 594 ሜትር። ለማነጻጸር ያህል፣ በአገራችን በጥልቀቱ የሚታወቀው ሻላ ከ250 ሜትር ትንሽ ያልፋል።

አንድ ልጨምር። የታሆ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,396 ሜትር ላይ ነው። ከተራራው ማዶ በምሥራቅ ያለችው የኔቫዳ ዋና ከተማ ካርሰን ሲቲ 1,463 ሜትር ላይ ነች። የሐይቁ ወለል ከከተማዋ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የከተማዋ ሰው ቀና ብሎ ያያል እንጂ ሐይቁ ከእግሩ በታች የሚደርስ አይመስለውም።

እንዴት ተፈጠረ? የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው?

አይደለም። ክሬተር ሐይቅ እንደዚያ ነው፤ ታሆ ግን በመሬት መሰንጠቅ የተፈጠረ ነው። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ለሆነ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንም።

ከሲየራ ምሥራቅ ያለው መሬት በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ጎን እየተሳበ ነው። መሬት ሲሳብ ይሰነጠቃል። ሦስት መጽሐፍ አጠጋግታችሁ አቁሙና የዳርና የዳሩን ትንሽ ለቀቅ ስታደርጓቸው የመሃሉ ይንሸራተታል። ታሆም የሆነው ይኸው ነው። በምዕራብ የሲየራው ቁራጭ፣ በምሥራቅ የካርሰኑ ቁራጭ ከፍ እያሉ ሲሄዱ የመሃሉ ወረደ። ይህ የሆነው ባለፉት ሁለትና ሦስት ሚሊዮን ዓመታት ነው፤ በአንድ ጀምበር ሳይሆን በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጥቂት ሜትር ጥቂት ሜትር እያለ።

እሳተ ገሞራውም ድርሻ አለው። በሰሜን በኩል ማውንት ፕሉቶ ከሚባለው ተራራ የፈሰሰው ቅልጥ አለት የሸለቆውን መውጫ ዘጋው። ውሃው ማምለጫ አጥቶ ተጠራቀመ። እየሞላ ሄዶ በሰሜን ምዕራብ ዛሬ ታሆ ሲቲ ባለችበት ቦታ ዝቅ ያለ በር አገኘ። አሁንም የሚወጣው በዚያው ነው። ጣናንም ውሃውን ያቆመለት በአባይ መውጫ በኩል የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ሁለቱ ሐይቆች በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ታሆ ከግድቡ በፊት ጥልቅ ጉድጓድ ነበረው።

የምዕራቡን ዳር ካርታ ስታዩ መሃል ላይ ወደ ውስጥ የገባ ሰፊ ቦታ አለ፤ ማኪኒ ቤይ ይባላል። እዚያ የነበረው ተራራ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ተደርምሶ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። በድምፅ ሞገድ የተሠራው የወለሉ ካርታ ቤት የሚያካክሉ ብቻ ሳይሆን ኮረብታ የሚያካክሉ ቋጥኞች ወለሉ ላይ ተበትነው ያሳያል።

ግግር በረዶስ ምን ሠራ?

ሐይቁን አልፈጠረም፤ ዳሩን ግን አሳምሮታል። በበረዶ ዘመን ከምዕራቡ ተራሮች ትላልቅ ግግር በረዶዎች ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር። ምሥራቁ ደረቅ ስለሆነ ያን ያህል አልነበረበትም። ለዚህ ነው የሚያማምሩት ገደሎች፣ ባሕረ ሰላጤዎችና ትንንሽ ሐይቆች ከሞላ ጎደል በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የተሰበሰቡት።

ኤመራልድ ቤይ ከሁሉ ይታወቃል። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት እሱ ነው። በረዶው ሸለቆውን ፈልፍሎ አፈሩንና ድንጋዩን ፊቱ ላይ ከመረው፤ ክምሩ ዛሬ የሰላጤውን አፍ አጥብቦ ይታያል። መሃሉ ላይ ፋኔት የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከሐይቁ ሁሉ ያለችው ደሴት እሷ ብቻ ነች። አጠገቡ ያሉት ካስኬድ እና ፎለን ሊፍ የሚባሉት ሐይቆችም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ የነሱ ክምር አፋቸውን ጨርሶ ስለዘጋው ከታሆ ተለይተው ቀሩ።

በረዶው ሌላ ሥራም ነበረው። አንዳንዴ የወንዙን መውጫ ይዘጋና ሐይቁ ከዛሬው በብዙ ሜትር ከፍ ይል ነበር። ከዚያ የበረዶው ግድብ ይፈነዳል። ጎርፉ ያንከባለላቸው ግዙፍ ድንጋዮች ከታሆ ሲቲ በታች በወንዙ መስመር እስከ ሪኖ አካባቢ ድረስ አሉ።

ስንት ወንዝ ይገባበታል? የሚወጣውስ?

63 ገባር ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል። የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ ትረኪ ወንዝ። ከገባሮቹ ትልቁ በደቡብ የሚገባው የላይኛው ትረኪ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ወንዙ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ሐይቁን ሰንጥቆ የሚወጣ ይመስለዋል።

ገባሮቹ ብዙ ይሁኑ እንጂ ትንንሽ ናቸው። በሐይቁ ዙሪያ ውሃ የሚሰበስበው መሬት ወደ 800 ካሬ ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ የሐይቁን ስፋት ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከሚዘንበው ዝናብና በረዶ ትልቅ ድርሻ ያለው በቀጥታ ሐይቁ ላይ የሚወርደው ነው። ከሚወጣው ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በትነት ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ሲሶው ብቻ በወንዙ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ገብታ እስክትወጣ በአማካይ 650 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ስለ ጥራቱ ስናወራ እንመለስበታለን።

ትረኪ ወንዝ ባሕር ይደርሳል?

አይደርስም። አዋሽ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር፣ ትረኪም 195 ኪሎሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሪኖን አቋርጦ፣ በኔቫዳ በረሃ ፒራሚድ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። የምዕራቡ የሲየራ ገጽ ውሃ ወደ ፓስፊክ ይወርዳል። ታሆ ግን ጥቂት ኪሎሜትር ወደ ምሥራቅ ስላለ ዕጣው በረሃ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ፖለቲካ ይሆናል። በ1905 የተሠራው ደርቢ ግድብ ከትረኪ ብዙ ውሃ ለእርሻ ወደ ሌላ ሸለቆ ጠለፈ። ፒራሚድ ሐይቅ በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ከ20 ሜትር በላይ ወረደ። ጎረቤቱ ዊነሙካ ሐይቅ ደግሞ በ1930ዎቹ ጨርሶ ደረቀ፤ ዛሬ ጨዋማ ሜዳ ነው። ፒራሚድ ሐይቅ ፓዩት የሚባሉት ነባር ሕዝብ ርስት ነው። ኑሯቸውም በዓሣው ላይ የተመሠረተ ነበር። ፓዩቶች፣ ገበሬዎች፣ ሪኖ ከተማና ሁለቱ ግዛቶች ለአሥርት ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ዛሬ የሚሠሩበት ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። ላይኛው ተፋሰስ፣ ታችኛው ተፋሰስ፣ የቀድሞ መብት፣ ፍትሐዊ ድርሻ... ለኛ ሰው ቃላቱ ሁሉ የለመድናቸው ናቸው።

ታሆ ግድብ አለው እንዴ?

አለው፣ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ታሆ ሲቲ ውስጥ ከመንገዱ ድልድይ አጠገብ 17 በሮች ያሉት ዝቅ ያለ የኮንክሪት ግድብ ነው። አሁን ያለው በ1913 ተጠናቀቀ። የሚቆጣጠረው የሐይቁን የላይኛውን 1.86 ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ በ496 ካሬ ኪሎሜትር ስትባዛ ግን ትልቅ ማጠራቀሚያ ትሆናለች። ከዚያች በታች ያለውን ውሃ ግድቡ አይነካውም፤ የተፈጥሮው ደፍ፣ ማለትም መውጫው ላይ ያለው ከፍ ያለ መሬት፣ ይይዘዋል።

ሐይቁ ይጎድላል? ሊደርቅ ይችላል?

ይጎድላል። መድረቅ ግን የማይታሰብ ነው።

ድርቅ ሲበረታ ውሃው ከተፈጥሮው ደፍ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ትረኪ ወንዝ ከሐይቁ ምንም አያገኝም፤ በሮቹ ቢከፈቱም የሚወጣ የለም። በኅዳር ወር 1992 ሐይቁ በታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ብሎ ነበር። በ2014 እና በ2021ም ከደፉ በታች ወርዷል። በሌላ በኩል በጃንዋሪ 1997 ከሕጋዊው ጣሪያ በላይ ሞልቶ ሪኖ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። አምስት ዓመት ሳይሞላ ከዝቅተኛው ወደ ሞልቶ መፍሰስ! የሲየራ አየር እንዲህ ነው።

የድሮው ድርቅ ግን የኛን ዘመን ያስንቃል። በደቡቡ ዳር ውሃ ውስጥ እንደ ቆሙ የቀሩ የዛፍ ጉቶዎች አሉ። ዕድሜያቸው ሲመረመር ከ5,000 ዓመት ያላነሰ ሆኖ ተገኘ። ዛፍ ውሃ ውስጥ አይበቅልም። ስለዚህ ሐይቁ ያኔ ለረጅም ዘመን፣ ዛፎቹ አድገው እስኪያረጁ ድረስ፣ ከደፉ በታች ነበር ማለት ነው።

ዙሪያው በረዶ ሆኖ ሐይቁ ለምን በረዶ አይሆንም?

ስለሚጠልቅ። የላዩ ውሃ በብርድ ሲቀዘቅዝ ከብዶ ይሰምጣል፤ ሞቅ ያለው ከታች ይተካዋል። ሐይቁ በረዶ እንዲያበጅ ይህ ሁሉ 300 እና 400 ሜትር ውሃ መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት። ብርዱ ወራቱን ጨርሶ ይሄዳል እንጂ ሐይቁን አይጨርሰውም። ጥልቀት የሌለው ኤመራልድ ቤይ ግን አንዳንድ ዓመት ከላይ ይጋገራል።

ውሃው ከላይ እስከ ወለሉ የሚደባለቀው በየዓመቱ አይደለም፤ በአማካይ በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ ነው። መደባለቁ ኦክስጅን ወደ ታች ያወርዳል። የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ይህ መደባለቅ ሊቀንስ ይችላል የሚለው የተመራማሪዎች ትልቁ ስጋት ነው።

ለምን እንዲህ ሰማያዊና ጥርት ያለ ሆነ?

ውሃ ራሱ ቀይ ብርሃንን ይውጣል፣ ሰማያዊውን ይመልሳል። ጭቃና አልጌ ከሌለበት የምናየው ይህንኑ ነው። ታሆ ውስጥ የሚገባው አፈር ትንሽ ነው፤ ተፋሰሱ ትንሽ ነውና። መሬቱም አብዛኛው ግራናይት ስለሆነ ለአልጌ ምግብ የሚሆን ነገር ብዙ አይለቅም። ረግረጎቹም የጅረቶቹን ውሃ ያጣሩለት ነበር።

«ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። በ1960ዎቹ በደቡብ የሚገኘው ትልቁ ረግረግ መሃል ታሆ ኪስ የሚባል የመኖሪያ መንደር ተሠራ። ቦይ ተቆፈረ፣ ቤት ተደረደረ፣ ጀልባ በየደጁ ታሰረ። የላይኛው ትረኪ ዋና ማጣሪያውን አጣ። ቦዮቹ ደግሞ ሞቃትና ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ ዛሬ የመጤ የውሃ አረም መናኸሪያ ሆነዋል። እንደኔ ሐይቁ ላይ ከተሠሩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

ጥራቱ የሚለካው በቀላል ዘዴ ነው። ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቻርልስ ጎልድማን ጀማሪነት፣ ከ1968 ጀምሮ ሳያቋርጥ ለክቷል። በ1968 አማካዩ 31 ሜትር ነበር። በ2017 ወደ 18 ሜትር ወርዶ ዝቅተኛው ተመዘገበ፤ ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጣው ከባድ በረዶ ብዙ አፈር አጥቦ አስገባበት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ይሻሻላል፣ አንዳንዴ ይመለሳል።

ዋናው ጥፋተኛ በዓይን የማይታይ ደቃቅ አፈር ነው። ብዙው የሚመጣው ከመንገድና ከከተማ ነው። በረዶ ወቅት መኪና እንዳይንሸራተት አስፋልቱ ላይ የሚበተነው አሸዋ በጎማ እየተፈጨ ዱቄት ይሆንና በጎርፍ ሐይቁ ይገባል። ዱቄቱ ቶሎ አይሰምጥም። የቆሻሻ ነገር ሲሆን ደግሞ ያ 650 ዓመት ያስፈራል፤ ሐይቁ ራሱን ቶሎ የሚያጥብበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፍሳሽ ውሃ፣ ተጣርቶም ቢሆን፣ ወደ ሐይቁ አይለቀቅም። በቱቦ ተራራ አሻግረው ከተፋሰሱ ውጭ ይልኩታል። ሁለቱ ግዛቶችም በ1969 የጋራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማቋቋም ተስማሙ። ሐይቁ ዳር በረንዳ ለመጨመር የሚፈልግ ባለቤት ሁሉ ያማርረዋል።

ውሃው ይጠጣል?

የዙሪያው ነዋሪ የቧንቧ ውሃ ከሐይቁ የሚቀዳባቸው ቦታዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ውሃው በጣም ንጹሕ ስለሆነ ማጣሪያ እንዳይጠቀሙ የተፈቀደላቸው ናቸው። ግን ጀርም ማጥፊያ ይደረግበታል። ከዳር ጎንበስ ብሎ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ተዉት።

መዋኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጁላይና ኦገስት የላዩ ውሃ 18 እና 20 ዲግሪ ይደርሳል። ከ200 ሜትር በታች ግን ዓመቱን ሙሉ 4 እና 5 ዲግሪ ነው። ጠንካራ ነፋስ የላዩን ሞቃት ውሃ ወደ ምሥራቅ ሲገፋው በምዕራቡ ዳር ቀዝቃዛው ብቅ ይላል። ትናንት የዋኛችሁበት ቦታ ዛሬ ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል።

ይህን ቀልድ አታድርጉት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም የባሕር ያህል ይሆናል። በጁን 2025 ድንገተኛ ማዕበል በደቡብ ምዕራቡ ዳር አንድ ጀልባ ገልብጦ ከ10 ተሳፋሪዎች 8ቱ ሞተዋል። የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ ጀልባ ላይ ሲወጡ ነው፤ ነፋሱ ከተነሣ በኋላ አይደለም።

ለበረዶ የሚሻለው የትኛው ዳር ነው?

ምዕራቡ። ደመናው ከፓስፊክ መጥቶ ሲየራን ሲወጣ ይዞ የመጣውን እዚያው ያራግፋል። በምዕራቡ ተራራ አናት በዓመት ከ1,400 ሚሊሜትር በላይ ይወርዳል፣ በምሥራቁ ዳር ግን ከግማሹ ያነሰ ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው 20 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የ1960ው የክረምት ኦሎምፒክ የተደረገው ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ባለ ሸለቆ ውስጥ ነው። ዛሬ የበረዶ መንሸራተቻው ፓሊሴድስ ታሆ ይባላል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። በጥብቅ ካየነው ሸለቆው ከታሆ ተፋሰስ ውጭ ነው፤ ጅረቱ ትረኪን የሚያገኘው ከሐይቁ በታች ነው። ስሙን ግን ማን ይተዋል?

ከፈረንጆቹ በፊት ማን ነበር?

ዋሺው የሚባሉት ነባር ሕዝብ። በሙቀቱ ወራት ሐይቁ ዳር ይሰበሰቡና ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ሲበርድ ወደ ምሥራቁ ሸለቆ ይወርዳሉ። «ታሆ» የሚለው ስም የመጣው ከነሱ ቋንቋ ነው። በምሥራቁ ዳር መንገዱ በዋሻ የሚያልፍበት ኬቭ ሮክ የሚባል ቋጥኝ ለነሱ ቅዱስ ቦታ ነው። በሆዱ ሁለት የመኪና መተላለፊያ ተፈልፍሎበታል። ቋጥኝ ወጪዎች እንዳይወጡበት የሚከለክለው ውሳኔ በ2007 በፍርድ ቤት ጸንቷል።

ጆን ፍሬሞንት የሚባለው አሳሽ በ1844 ከተራራ ላይ ሐይቁን አየ። በ1859 ኔቫዳ ውስጥ ኮምስቶክ የሚባለው የብር ማዕድን ተገኘ፣ የማዕድኑ ጉድጓድ እንጨት ፈለገ፣ የታሆ ጫካም አለቀ። ዛሬ የምታዩት ደን አብዛኛው ከዚያ በኋላ የበቀለ ነው። ዛፉ እኩያ የሚመስለውና ጥቅጥቅ ያለው ለዚህ ነው፤ ለእሳትም የሚመቸው ለዚሁ ነው። በ2007 አንጎራ የሚባለው እሳት 254 ቤቶች በላ። በኦገስት 2021 ካልዶር የተባለው እሳት ከምዕራብ ተራራ ዘልሎ ሲመጣ ሳውዝ ሌክ ታሆ ከተማ በሙሉ ውጣ ተባለች።

መሬቱ አሁንም ይንቀሳቀሳል?

አዎ። ሐይቁን የፈጠሩት ስንጥቆች አልሞቱም። ትልቁ በምዕራቡ ዳር ስር ይሄዳል። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ሐይቁ ስር ከባድ መንቀጥቀጥ ቢነሣ እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ሞገድ ሊፈጠር ይችላል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በሺህ ዓመታት ልዩነት የሚመጣ ነው፤ ዕረፍታችሁን አትሰርዙ።

ከሐይቁ ስር እስከ ፒራሚድ ሐይቅ የሚሄድ ዋሻ አለ ይባላል...

የለም። ውሃው የሚወጣበት ይታወቃል፣ ይለካል። «ቴሲ» የሚባለው ጭራቅም ቲሸርት ላይ ብቻ ነው ያለው። ቀዝቃዛው ውሃ የሰጠመ ሰውን አስከሬን ሳያፈርስ ለረጅም ጊዜ ማቆየቱ ግን እውነት ነው፤ በ1994 የጠፋ ጠላቂ ዋናተኛ ከ17 ዓመት በኋላ ተገኝቷል።

በአንድ ቀን ዞሮ መጨረስ ይቻላል?

ዙሪያው በመኪና 116 ኪሎሜትር ያህል ነው። ሳይቆሙ ከነዱት ሁለት ሰዓት ተኩል ሊበቃ ይችላል፤ ማንም ግን ሳይቆም አይነዳውም። ከሳክራሜንቶ በ50 ቁጥር መንገድ ከመጣችሁ ከሳውዝ ሌክ ታሆ ተነሥታችሁ በሰዓት አዙሪት ሂዱ። በ89 በኤመራልድ ቤይ አድርጋችሁ ታሆ ሲቲ፣ ከዚያ ኪንግስ ቢች፣ ኢንክላይን ቪሌጅ፣ ከዚያ በ28 እና በ50 የምሥራቁን ዳር ይዛችሁ መውረድ ነው። እንዲህ ሲሆን ሐይቁ ሁልጊዜ በቀኝ እጃችሁ ነው፤ ለመቆም መንገድ ማቋረጥ የለም። ጠዋት ፀሐይዋ የምዕራቡን ገደል ታበራለች፣ ማምሻውን ምሥራቁ ዳር ሆናችሁ ከማዶ ስትጠልቅ ታያላችሁ።

በበረዶ ወቅት ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት የ89ን ሁኔታ ተመልከቱ። ኤመራልድ ቤይ ላይ መንገዱ በገደል ጠርዝ ስለሚሄድ በረዶ ሲናድ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለቀናት። ሲዘጋ ዙሩ ይቆረጥና ከደቡብ ወደ ታሆ ሲቲ ለመድረስ በምሥራቁ በኩል ሐይቁን ከግማሽ በላይ መዞር ግድ ይላል። የጎማ ሰንሰለትም መኪናው ውስጥ ይኑር።